የመንግሥት ጨረታና ከወለድ የሚሸሸው ነጋዴ፦ በሩ የሚዘጋው የት ላይ ነው?

የፌዴራል መንግሥት ለ2018 በጀት ዓመት ያጸደቀው በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከዚህ ገንዘብ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ተመልሶ ወደ ገበያ የሚገባው በግዥ በኩል ነው። መንገድና ሕንፃ ይሠራበታል፤ መድኃኒት፣ ወረቀት፣ የደንብ ልብስ፣ ፈርኒቸርና ኮምፒውተር ይገዛበታል፤ የጽዳትና የጥበቃ አገልግሎት ይከፈልበታል። የክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በጀት ሲጨመርበት በአገሪቱ ውስጥ ከመንግሥት የበለጠ ደንበኛ የለም።

ከዚህ ትልቅ ደንበኛ ጋር ለመሥራት የሚያስችለው መንገድ ጨረታ ነው። በሕግ ደረጃ በሩ ለሁሉም እኩል ክፍት ነው። ንግድ ፈቃድ ያለው፣ ግብሩን የከፈለ፣ በአቅራቢነት የተመዘገበ ማንኛውም ሰው መወዳደር ይችላል። የንግድ ፈቃድ ቅጽ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይገባም።

ይሁን እንጂ በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአገሪቱ ሕዝብ 33.9 በመቶ የሚሆነው ሙስሊም ነው፤ በችርቻሮና በጅምላ ንግድ ውስጥም ሙስሊሙ ያለውን ቦታ ከመርካቶ እስከ ጅማ፣ ከደሴ እስከ ድሬዳዋ ማንም የሚያየው ነው። ታዲያ ዕቃውን በገበያ አቅርቦ የሚያተርፈው ይኸው ነጋዴ የመንግሥት ጨረታ ማስታወቂያ ሲያይ ለምን ገጹን ገልብጦ ያልፋል? «የእኛ ነገር አይደለም» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህ መልስ ከየት እንደመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ በሩን የሚዘጋው የሕጉ ቃል ወይም የባለሥልጣን ክፋት ሳይሆን የዋስትናና የገንዘብ አቅርቦት አሠራር ነው።

ሦስቱ ዋስትናዎች

የመንግሥት ጨረታ ሦስት ዓይነት ዋስትና ይጠይቃል። የመጀመሪያው ፖስታው ከሰነዱ ጋር ሲገባ የሚያዘው የጨረታ ማስከበሪያ ነው። አሸናፊው ውል አልፈርምም ቢል ገንዘቡ ይወረሳል። ሁለተኛው አሸናፊው ውል ሲፈርም የሚያስይዘው የውል ማስከበሪያ ነው። ሦስተኛው መንግሥት ቅድሚያ ክፍያ የሚሰጥ ከሆነ ለዚያ ክፍያ የሚቀርበው የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ነው።

በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሥር በ2002 ዓ.ል. የወጣውና ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የግዥ መመሪያ የጨረታ ማስከበሪያውን ከግምት ዋጋው ከ0.5 እስከ 2 በመቶ፣ የውል ማስከበሪያውን ቢያንስ 10 በመቶ፣ ቅድሚያ ክፍያውን ደግሞ እስከ 30 በመቶ አድርጎ አስቀምጦት ነበር። በ2016 ዓ.ል. አዋጅ ቁጥር 1333 የቀድሞውን አዋጅ ተክቷል፤ የሦስቱ ዋስትናዎች መሠረታዊ ሐሳብ ግን እንዳለ ነው። ለአንድ ተጫራች ትክክለኛውን ልክ የሚነግረው የዚያ ጨረታ ሰነድ ነው።

በጨረታ ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግመን የምናነበው ዐረፍተ ነገርም ይታወቃል፦ ማስከበሪያው «በሲፒኦ ወይም በሁኔታ ላይ ባልተመሠረተ የባንክ ዋስትና» ይቅረብ የሚል ነው። የሙስሊሙ ነጋዴ ችግር የሚጀምረው እዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው።

የሸሪዓው ጥያቄ

ጨረታ ራሱ በሸሪዓ ችግር የለበትም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የአንድን ችግረኛ ዕቃ «ማን ይጨምራል?» እያሉ ለበለጠ ከፋይ መሸጣቸው በሐዲስ መጻሕፍት የተዘገበ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ ከተጫራቾች መያዣ መጠየቅ እንደሚፈቀድ፣ ላላሸነፉት ግን መመለስ እንዳለበት ወስኗል። የጨረታ ሰነድ መሸጥም ከእውነተኛ ወጪው እስካልበለጠ ድረስ ይፈቀዳል ብሏል።

ስለዚህ ከራስ ሒሳብ በሲፒኦ ማስያዝ ንጹሕ መንገድ ነው። ገንዘቡ የራስ ነው፤ ይታሰራል፣ ይፈታል። ጥያቄው የሚነሳው ከባንክ ዋስትና ላይ ነው። መደበኛው ባንክ ለዋስትና ደብዳቤ የሚያስከፍለው ኮሚሽን በዋስትናው መጠንና በጊዜው ርዝመት ይሰላል። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 በጅዳ ባደረገው ጉባኤ ይህንን ጉዳይ መርምሮ፣ ለዋስትናው (ለከፋላው) ራሱ ክፍያ መውሰድ አይፈቀድም ብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባንኩ ስለ ደንበኛው ዕዳውን ከከፈለ አበዳሪ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቀድሞ የወሰደው ክፍያ ከብድር ላይ የተገኘ ጥቅም ይሆናል፤ ይህም ሪባ ነው። ደብዳቤውን ለማዘጋጀት የሚወጣ የአስተዳደር ወጪን ግን፣ ለተመሳሳይ ሥራ ከሚከፈለው እስካልበለጠ ድረስ፣ መውሰድ ይቻላል ብሏል።

በሌላ በኩል በማሌዥያ የማዕከላዊ ባንኩ የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት ለከፋላ ክፍያ መውሰድን ፈቅዷል። ማለትም ጉዳዩ በዘመኑ ዑለሞች መካከል ልዩነት ያለበት ነው። ተራው ነጋዴ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያውቀው «ባንክ ዋስትና ውስጥ ወለድ አለበት» የሚለውን ብቻ ነው፤ ጥርጣሬ ውስጥ ከመግባት ደግሞ መተውን ይመርጣል። ውሳኔው የሚከበር ነው። ነገር ግን መውጫ መንገድ መኖሩን ሳያውቅ የተወው ሲሳይ ስንት ይሆን?

ገንዘብ ሲታሰር

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ነጋዴ 10 ሚሊዮን ብር ለሚያወጣ የጽሕፈት መሣሪያ አቅርቦት ይወዳደራል እንበል። በ2 በመቶ ስሌት የጨረታ ማስከበሪያው 200,000 ብር ነው። ሦስት ጨረታ በአንድ ጊዜ ከገባ 600,000 ብር ውጤት እስኪገለጽ ይታሰርበታል። አሸነፈ እንበል። 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ 1 ሚሊዮን ብር ነው። ይህም ውሉ እስኪጠናቀቅ አይለቀቅም። 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ከፈለገ ደግሞ የ3 ሚሊዮን ብር ዋስትና ያቀርባል።

ባንኩ ለዚህ ዋስትና ሙሉ ጥሬ ገንዘብ በመያዣነት አምጣ ካለ ነጋዴው 3 ሚሊዮን ለመቀበል 3 ሚሊዮን ያስራል። ቅድሚያ ክፍያው ምንም አልጠቀመውም ማለት ነው። ባንኩ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ ሕንፃ ካለ ደግሞ የሚወዳደረው ሕንፃ ያለው ብቻ ይሆናል።

መደበኛ ባንክ የሚጠቀመው ተወዳዳሪ ይህንን ጫና በኦቨርድራፍትና በብድር ያልፈዋል። ወለዱን ዋጋው ላይ ጨምሮ ፖስታውን ያስገባል። ከወለድ የሚርቀው ነጋዴ ግን ከኪሱ ባለው ብቻ ይወሰናል። ስለዚህ 10 ሚሊዮኑን መሥራት የሚችል ሰው 1 ሚሊዮን የሚያወጣውን ብቻ ይፈልጋል፤ ወይም ያሸነፈ ነጋዴ ዕቃውን ከእሱ እንዲገዛ ይጠብቃል። ብዙ የመርካቶ ሱቆች ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሄደውን ዕቃ የሚያወጡት በዚህ ሁለተኛ መንገድ ነው። ዕቃው ከእነሱ ይወጣል፤ የውሉ ትርፍና የሥራ ልምድ ማስረጃው ግን የሌላ ነው። በቀጣዩ ጨረታ «ተመሳሳይ ሥራ የሠራ» የሚለው መስፈርት ሲመጣ ደግሞ ማስረጃ የለውምና ገና ከመነሻው ይወድቃል።

ክፍያ ሲዘገይ

ዋስትናው ቢገኝ እንኳን ሁለተኛ ፈተና አለ። ዕቃው ገብቶ፣ የርክክብ ሰነድ ተፈርሞ ክፍያው ለወራት ሊዘገይ ይችላል። ይህ ሁሉንም አቅራቢ ይጎዳል። ሙስሊሙን ግን በሁለት በኩል ይጎዳዋል።

አንደኛ፣ በግንባታ ውሎች ለዘገየ ክፍያ የሚታሰበው ማካካሻ ወለድ ነው። እምነቱን የጠበቀ ተቋራጭ ይህንን አይወስድም። ስለዚህ ለሌላው ተቋራጭ በከፊል የሚካካሰው መዘግየት ለእሱ ንጹሕ ኪሳራ ነው። ሁለተኛ፣ ዕቃውን በሙራባሓ ከከወለድ ነጻ ባንክ የገዛ ነጋዴ ዕዳው በጊዜ ብዛት አይጨምርም። ይህ ለእሱ መልካም ነው። ባንኩ ግን ከመዘግየቱ ትርፍ መውሰድ ስለማይችል፣ ቅጣት ቢያስከፍል እንኳ ለበጎ አድራጎት ስለሚያውለው፣ ከፋዩ ሊዘገይ የሚችልን ውል ሲያይ አስቀድሞ ይጠነቀቃል። መጨረሻ ላይ የመንግሥት ዘግይቶ መክፈል ከወለድ ነጻ ፋይናንስ ለጨረታ እንዳይውል ያደርጋል።

ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ በቋሚ ዋጋ ውል ገብቶ ክፍያ መጠበቅ ከበፊቱ ይልቅ ከባድ ሆኗል። ዕቃውን ለመተካት የሚያስፈልገው ገንዘብ በየወሩ ይለወጣል።

ያለው ድጋፍ ለምን አይደርስም?

መንግሥት አነስተኛ ተወዳዳሪዎችን ፈጽሞ አልረሳም። የ2002ቱ መመሪያ በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ድርጅቶች ሦስት ነገር ሰጥቷል። የጨረታ ሰነድ በነጻ ያገኛሉ። በዋስትና ፋንታ ካደራጃቸው አካል የሚጻፍ የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ ይችላሉ። ከአገር ውስጥ ተወዳዳሪዎች ጋር ሲወዳደሩም የ3 በመቶ የዋጋ አስተያየት ይደረግላቸዋል። የአደራጁ ደብዳቤ ወለድም ኮሚሽንም የለበትም። ከሸሪዓ አንጻር ካየነው ከባንክ ዋስትና ይልቅ ንጹሕ ነው።

ችግሩ ይህ ድጋፍ የሚደርሰው በዚያ መልክ ለተደራጀ ብቻ መሆኑ ነው። አባቱ የከፈተውን ሱቅ ከወንድሞቹ ጋር የሚሠራ ነጋዴ፣ ቤቷ ውስጥ ልብስ የምትሰፋና በሰው ስም የምትሸጥ እህት፣ በግል ንግድ ፈቃድ የሚሠራ ወጣት ከዚህ ውጭ ናቸው። ብዙዎቹ መደራጀትን ከብድር ጋር አያይዘው ስለሚያዩት «ወለድ ነው» ብለው ርቀውታል። መደራጀትና ብድር መውሰድ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብድሩን ትቶ የአደራጁን ደብዳቤ መጠቀም ይቻላል።

የፌዴራል ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት መሄዱ ሌላ ለውጥ ነው። ማስታወቂያ ለማየት ጋዜጣ ማሳደድ፣ ሰነድ ለመግዛትም ከክልል አዲስ አበባ መመላለስ ቀርቷል። ከአሰላ ወይም ከሐረር ሆኖ መወዳደር ይቻላል። ነገር ግን ሥርዓቱ የሚያስገባው የንግድ ፈቃዱን ያደሰውን፣ የግብር ክሊራንስ ያለውን፣ ሰነዱን በሥርዓት የያዘውን ነው። በእምነትና በቃል የሚሠራ ንግድ እዚህ ላይ ቦታ የለውም። ይህንን ራሳችን የምናስተካክለው እንጂ መንግሥት የሚያስተካክልልን አይደለም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ኬንያ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶውን ለሴቶች፣ ለወጣቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች ለይታ አስቀምጣለች። ከኮታው በላይ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ድርጅቶች የጨረታ ማስከበሪያ በገንዘብ አያስይዙም፤ «ካሸነፍኩ ውሉን እፈርማለሁ፣ ካልፈረምኩ ለተወሰነ ጊዜ ከጨረታ እታገዳለሁ» የሚል መግለጫ ይፈርማሉ። ይህ ዓይነቱ የማስከበሪያ መግለጫ በዓለም ባንክ የግዥ ሰነዶችም የሚታወቅ ነው። ገንዘብ አይታሰርም፤ ኮሚሽን የለም፤ የሸሪዓ ጥያቄም አይነሳም። ቃሉን ያፈረሰ ግን ይቀጣል።

በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ከዋና ውሎቹ ዋጋ 23 በመቶውን ለአነስተኛ ድርጅቶች የማድረስ ግብ አለው። ዋስትና ማግኘት ለሚቸገሩ አነስተኛ ተቋራጮችም የአነስተኛ ንግድ አስተዳደሩ ዋስትና ለሚሰጡ ኩባንያዎች ከሚደርስባቸው ኪሳራ 80 ወይም 90 በመቶውን እሸፍናለሁ ብሎ ይገባል። በዚያው አገር ዘርን መሠረት አድርጎ ቅድሚያ የመስጠት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2023 በፍርድ ቤት ውሳኔ ተገድቧል። የዋስትናው ፕሮግራም ግን የባለቤቱን ማንነት ሳይሆን የድርጅቱን መጠን ስለሚያይ በዚህ ክርክር አልተነካም።

ለእኛ የሚሆነው መንገድም ይኸው ይመስለናል። ሙስሊሙ በሃይማኖቱ የተለየ ኮታ ይሰጠው ማለት ሕገ መንግሥቱ ካስቀመጠው የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየት ጋር ይጋጫል፤ ጎረቤትንም ያስከፋል። የሚያስፈልገው እምነቱን ጠብቆ መወዳደር የሚፈልግ ሁሉ የሚያልፍበት አማራጭ መንገድ ነው። ይህ መንገድ ሲከፈት ብድር የማያገኘው ክርስቲያን ወጣትም፣ መያዣ የሌላት ሴትም ያልፉበታል። መንግሥትም ተወዳዳሪ ሲበዛ ዋጋ ይቀንስለታል።

ምን ይደረግ?

ከመንግሥት በኩል ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ አነስተኛ ዋጋ ላላቸው ግዥዎች ማስከበሪያን በተፈረመ መግለጫ መተካት ነው። ሁለተኛ፣ የጨረታ ሰነዶች ከሲፒኦና ከመደበኛ የባንክ ዋስትና ጎን የከፋላ ደብዳቤንና የተካፉል ዋስትናን በስም ጠቅሰው እንዲቀበሉ ማድረግ ነው። የግዥ ኮሚቴ አባል በማያውቀው ሰነድ ተጫራችን ከሚጥል፣ ሰነዱ ቢነግረው ይሻላል። ሦስተኛ፣ በጊዜው መክፈልና ትልልቅ ግዥዎችን በሎት ከፋፍሎ ማውጣት ነው።

ከከወለድ ነጻ ባንኮች ደግሞ የበለጠ እንጠብቃለን። በ2004 ዓ.ል. በመስኮት ደረጃ ተፈቅዶ፣ በ2011 ሙሉ ባንክ እንዲቋቋም በሩ ሲከፈት፣ ዘምዘም ባንክም በ2013 ሥራ ሲጀምር ሕዝቡ የተደሰተው ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ቦታ አገኘሁ ብሎ ብቻ አይደለም። የሚሠራበት ገንዘብም ይገኝበታል ብሎ ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ከውል የሚሰበሰብ ገንዘብን ጭምር፣ በመያዣነት ለመያዝ ፈቅዷል። ስለዚህ ባንኩ ሕንፃ ከመጠየቅ ይልቅ የመንግሥት ክፍያው በቀጥታ ወደ እሱ ሒሳብ እንዲገባ አድርጎ፣ ያንኑ ውል በመያዣነት መውሰድ ይችላል። ለአቅርቦት ሙራባሓ፣ ለግንባታ ኢስቲስናዕ፣ አቅም ላነሰው ሙሻረካ አለ። የከፋላ ክፍያውን ጉዳይ ደግሞ የባንኮቹ የሸሪዓ አማካሪዎች በአንድ ላይ ተቀምጠው፣ ምን እንደሚከፈልና ለምን እንደሚከፈል ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ቢያሳውቁ የነጋዴው ጥርጣሬ ይቀንሳል።

ማኅበረሰቡም የራሱ ድርሻ አለው። የጨረታ ማስከበሪያ ተመላሽ ገንዘብ ነው። ያልተሳካለት ይመለስለታል፤ ያሸነፈም ውሉን ሲፈርም ያገኘዋል። ስለዚህ በየከተማው የሚገኙ ሀብታም ወንድሞችና እህቶች የሚያዋጡት የቀርድ ሐሰን ፈንድ ለዚህ በጣም ተስማሚ ነው። አንድ 200,000 ብር በዓመት ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ሊያገለግል ይችላል፤ የሚጠፋውም ያሸነፈው ሰው ቃሉን ካፈረሰ ነው። በየመስጂዱና በየመድረሳው ግንባታ ገንዘብ ማሰባሰብን የለመደ ማኅበረሰብ ይህ አያቅተውም። በመስጂድ ግቢ የሒሳብ ባለሙያና የሕግ ባለሙያ ጠርቶ ስለ ሰነድ አያያዝና ስለ ኤሌክትሮኒክስ ምዝገባ የሁለት ቀን ሥልጠና መስጠትም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ነጋዴዎች ብቻቸውን የማይችሉትን ሥራ በጋራ ሆነው መግባትም ይችላሉ። አንዱ ልምድ፣ ሌላው ዕቃ፣ ሌላው ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ለሥራ ልምድ መስፈርቱም መልስ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ

«ጨረታ ያለ እጅ መንሻ አይገኝም» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ከበሩ አስቀርቷል፤ ጥቂቶችን ደግሞ ወደ ሐራም አስገብቷል። ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም በሐዲስ የተረገሙ ናቸው። ከሌላ ተጫራች ጋር ተመካክሮ ዋጋ መስቀል፣ ለማጀብ ብቻ ፖስታ ማስገባትም ማታለል ነው፤ በመንግሥት ሕግም ያስቀጣል። ከወለድ ሸሽቶ ጉቦ ውስጥ የገባ ሰው ምኑን ሸሸ?

በግፍ ተጣልኩ የሚል ተጫራች ሕጉ የሰጠው የአቤቱታ መንገድ አለው። መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለአቤቱታ አጣሪው አካል ያመለክታል። ጊዜው በቀናት የሚቆጠር አጭር ነው። በሻይ ቤት ማማረር ጊዜውን ከማሳለፍ በቀር ምንም አያመጣም።

በዚህ ሳምንት መጀመር የሚፈልግ ነጋዴ ሦስት ነገር ያድርግ። የንግድ ፈቃዱንና የግብር ክሊራንሱን ያሟላና በኤሌክትሮኒክስ ግዥ ሥርዓቱ ይመዝገብ። ከሚያውቀው ዘርፍ አንድ አነስተኛ ጨረታ መርጦ ሰነዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብብ። ከዚያም ወደ ከወለድ ነጻ ባንኩ ሄዶ «ለዚህ ጨረታ የከፋላ ደብዳቤ በምን ስሌት ትሰጡኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ባንኩ የሚለወጠው ይህ ጥያቄ ከብዙ ደንበኞች ሲመጣበት ነው። ሲሳይ ከአላህ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።